የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን፣ አሠልጣኙና የማንያታ ክርክር

የእግር ኳስ ነገር በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ አሠልጣኝ ነው ይባላል። ይህ አባባል ከሞያሌ የበለጠ የሚስማማው ቦታ ያለ አይመስለንም። ሞያሌ እንደሚታወቀው አንድ ስም ይዛ በሁለት አገር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በኬንያው ክፍል በሚገኘው በማንያታ ሰፈር ጨዋታ በቴሌቪዥን በታየ ማግስት ሻይ ቤቱም የሱቁ በረንዳም ሸንጎ ይሆናል። ክርክሩ በኦሮምኛ ይጀመራል፤ በስዋሂሊ ይፋፋማል፤ ነገሩ ሲከርም አማርኛ ይገባበታል። ደጋፊውም እንደ ከተማዋ ሁለት ወገን ነው። ዛሬ ለሃራምቤ ስታርስ የጮኸው ሰው ነገ ለዋሊያዎቹ ሲሟገት ቢገኝ የሚታዘበው የለም።

ይህ ክርክር ለመምህራን መጽሔት ምን ጉዳይ አለው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የምንሠራ እንደ መሆናችን ነገሩን ደጋግመን ስናዳምጠው የቆየነው በአንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ተከራካሪዎቹ በአሠልጣኙ ላይ ከሚያነሡት ወቀሳ አብዛኛው፣ ወደ ምንጩ ሲከተሉት፣ የሚያርፈው በትምህርት ቤት ሜዳና በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ሆኖ ስላገኘነው ነው። እንዴት እንደ ሆነ ቀጥለን እናያለን። (ዓመተ ምሕረቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ይህን አስቀድመን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም።)

ክርክሩን ከቅርቡ እንጀምር። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የአፍሪካ ከ20 ዓመት በታች ዋንጫ በግብፅ ሲካሄድ፣ በሳሊም ባቡ የሚሠለጥነው የኬንያ ወጣቶች ቡድን ከምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ አልፎ ተካፋይ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ በሞሮኮ 3 ለ 2፣ በሁለተኛው በቱኒዚያ 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ በሦስተኛው ከናይጄሪያ ጋር 2 ለ 2 ተለያይቶ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። በሦስት ጨዋታ አምስት ጎል አግብቶ ስምንት ገባበት ማለት ነው። ማንያታ በሁለት የተከፈለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው ወገን አምስቱን ይዞ፣ «ሞሮኮና ናይጄሪያ ላይ ሁለት ሁለት ጎል የሚያገባ ልጅ ከተገኘ አሠልጣኙ ትክክል ነው፤ ልጆቹ ይጫወቱ፣ መጫወት ይልመዱ» ይላል። ሁለተኛው ስምንቱን ይዞ፣ «ተከላካዩን ሳያጠናክር ወደ ፊት የሚያስሮጥ አሠልጣኝ አገር አይወክልም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ከአፈርኩ አይመልሰኝ ነው፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንዲሉ፣ ክርክሩ እስከ ማታ ቢዘልቅ ከተጀመረበት ፈቀቅ አይልም።

የማይንቀሳቀስበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለም። የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን የሚቋቋመው ለማሸነፍ ነው ወይስ ለዋናው ቡድን ተጫዋች ለማብቀል? መልሱ ሁለቱም ነው ማለት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱ ዓላማዎች ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ለምሳሌ ያህል ናይጄሪያን እንውሰድ። የናይጄሪያ ከ17 ዓመት በታች ቡድን የዓለም ዋንጫን አምስት ጊዜ ወስዷል፤ ይህን ያህል የወሰደ አገር ከቶ የለም። ዋናው የናይጄሪያ ቡድን ግን በዓለም ዋንጫ ከ16ቱ ቡድኖች ዙር አልፎ አያውቅም። በታዳጊነት ማሸነፍና በአዋቂነት ማሸነፍ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ናይጄሪያ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለፍጻሜ በደረሰች ነበር።

ከአገራችንም የሚጠቀስ አለ። በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና በኢትዮጵያ አስተናጋጅነት ተካሂዶ ቡድናችን አራተኛ በመውጣቱ በአርጀንቲና ለተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አለፈ። አሠልጣኙ ዲያጎ ጋርዚያቶ ነበሩ። በአርጀንቲና ከኔዘርላንድ፣ ከኮስታ ሪካና ከኢኳዶር ጋር ተመድቦ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ተመለሰ። ከእኛ ጋር ከአፍሪካ ካለፉት መካከል ጋና በዚያው ውድድር ለፍጻሜ ደረሰች፤ ግብፅ ሦስተኛ ወጣች። ያን ጊዜ የነበረው ክርክር አሠልጣኙ የውጭ ዜጋ መሆን ነበረበት ወይስ አልነበረበትም፣ ቡድኑ ለምን ተሸነፈ የሚል ነበር። እኛ እንደሚመስለን ዋናው ጥያቄ መነሣት የነበረበት ከዚያ በኋላ ነው። በዓለም መድረክ የተሰለፉ ወጣቶች ያሉት አገር ዋናው ቡድኑ ለአፍሪካ ዋንጫ ለመብቃት እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት መጠበቅ ለምን አስፈለገው? በሦስት ጨዋታ ስለ ተሸነፈ አሠልጣኝ ብዙ ሲባል፣ ልጆቹ ሃያ ዓመት ከሞላቸው በኋላ የት ክለብ ገቡ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ተጫወቱ፣ ማንስ ተከታተላቸው የሚለው ግን ሻይ ቤት አልደረሰም።

ከአሠልጣኙ ቀጥሎ ማንያታን የሚያጨቃጭቀው የአጨዋወት ሥልት ነው። በአንድ በኩል ኳስን መሬት ለመሬት በአጭር ቅብብል እያንሸራሸሩ መሄድ፣ በሌላ በኩል ረዥም ኳስ ወደ ፊት እየላኩ በጉልበትና በፍጥነት መድረስ። ሁለተኛውን የማይወዱት ደጋፊዎች «ጠለዛ» ይሉታል፤ የመጀመሪያውን የማይወዱት ደግሞ «ወደ ኋላ የሚሄድ ኳስ» እያሉ ይቀልዱበታል። በኢትዮጵያ ይህ ክርክር ከውበቱ አባተ ጋር ስሙ ተያይዞ ቆይቷል። አሠልጣኝ ውበቱ ኳስን ይዞ የመጫወትን ሥልት በዋሊያዎቹ ላይ ለመትከል ሞክረዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥር በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድናቸው በኬፕ ቬርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፎ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ያን ጊዜ ሥልቱ ለእኛ አይሆንም ተባለ። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ያው አሠልጣኝ፣ በዚያው ሥልት፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። እርግጥ ነው ሞሐመድ ሳላህ አልተሰለፈም። ሆኖም ጥር ላይ ሥልቱ አይረባም ያለው አንደበት ሰኔ ላይ ሥልቱ ባህላችን ነው ሲል ሰምተናል። አምስት ወር ለአንድ ሥልት ለመሞትም ለመነሣትም አይበቃም፤ ሰዎቹ ሥልቱን ሳይሆን ውጤቱን ነበር የሚያዩት ማለት ነው።

ሥልት ምንድን ነው? የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሥልትን ከባዶ አይፈጥርም። ልጆቹን የሚያገኛቸው ከውድድር በፊት ለጥቂት ሳምንታት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ማን የት እንደሚቆም፣ ኳስ ሲነጠቅ ማን ቀድሞ እንደሚመለስ፣ የማዕዘን ምት እንዴት እንደሚመታ ሊያስጠና ይችላል። ኳስ ወደ እሱ እየመጣች ሳለ አንገቱን አዙሮ ከኋላው ማን እንዳለ ማየት፣ ሰውነቱን ወደ ጎን ከፍቶ በራቀው እግሩ መቀበል፣ ሁለት ጓደኞቹ ከእሱ ጋር ባለ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ቦታ መቀየር፤ ይህ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚማሩት አይደለም። እንደ ቋንቋ ነው፤ በልጅነት አፍን የፈታበት አነጋገር ይከተላል። የአጭር ቅብብል ቡድን የሚባለው ይህን በስምንትና በአሥራ አራት ዓመት መካከል የለመዱ ልጆች ሲገኙ የሚቆም ነው፤ ካልተገኙ አሠልጣኙ ማንም ይሁን ማን በችግር ቀን ኳሷ ወደ ሰማይ ትሄዳለች።

እንግዲህ የማንያታን ሜዳ እንመልከት። ቀይ አፈርና ጠጠር ነው፤ ዝናብ ካልሆነ አቧራ ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ኳስ በደረት ቁመት ትነጥራለች፤ የተቀበለውም ልጅ ከማየቱ በፊት መቆጣጠር አለበት፤ ዓይኑ ከኳሷ አይነሣም። በትልቅ ጠጠራማ ሜዳ ሠላሳ ልጅ አንድ ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ የሚያሸንፈው አርቆ የሚመታና የሚሮጥ ነው። እነዚያው ልጆች ማታ ማታ በቤቶች መካከል ባለች ጠባብ ቦታ፣ አራት ለአራት ሆነው፣ በካልሲ በተሠራ የጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ ተመልክተናል። የጨርቅ ኳስ አይነጥርም፤ አርቀው ቢመቱትም አይሄድም። ስለዚህ ያለ ማንም አስተማሪ ቅብብሉ ይጀመራል። አንዱ ልጅ ጠዋት ጠላዥ፣ ማታ አቀባይ የሚሆነው ጠባዩ ተለውጦ አይደለም፤ ሜዳውና ኳሱ ተለውጠው ነው። ስድሳ ተማሪና ሁለት ኳስ ያለው የስፖርት መምህር አንዱን ትልቅ ሜዳ በኖራ አራት ላይ ቢከፍልና የጨርቅ ኳስ ቢያሠራ፣ ሻይ ቤት ውስጥ የሚጠየቀውን ሥልት ገንዘብ ሳያወጣ መዝራት ጀመረ ማለት ነው። ጨርቅና ክር ከየቤቱ ይገኛል።

የምርጫ ነገር ደግሞ ከሥልቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ለትምህርት ቤቶች ውድድር ቡድን ሲመረጥ የሚመረጠው ማን ነው? ባብዛኛው ቁመቱ የረዘመው፣ ጡንቻው የጠነከረው ነው። ከትልልቆቹ የተሠራ ቡድን ደግሞ በረዥም ኳስ ቢጫወት አያስገርምም፤ ሌላውን መንገድ የሚሹት ትንንሾቹ በመጀመሪያው ወንፊት ወድቀዋልና። በዚህ ጉዳይ ትልቁን ትምህርት የሰጠው እግር ኳስ ሳይሆን አብዛኞቻችን አይተነው የማናውቀው ጨዋታ፣ የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። በካናዳ ይህ ጨዋታ እንደ ሃይማኖት የሚከበር ሲሆን፣ በየዓመቱ በፈረንጆች ገና ሰሞን በሚደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ላይ አገሩ በሙሉ እንደ ማንያታ አሠልጣኝ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. ሮጀር ባርንስሊ የተባሉ የካናዳ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቻቸው የወጣት ሆኪ ተጫዋቾችን የልደት ወር ሲቆጥሩ አንድ ነገር አገኙ። በታላላቆቹ የወጣት ቡድኖች ውስጥ ከአሥሩ አራት ያህሉ የተወለዱት በፈረንጆች ዓመት የመጀመሪያ ሦስት ወራት ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተወለዱት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ።

ምክንያቱ የኮከብ ቆጠራ አይደለም። የዕድሜ መቁረጫው ቀን የፈረንጆች ጃንዋሪ 1 በመሆኑ፣ በጃንዋሪ የተወለደው ልጅ በዲሴምበር ከተወለደው የአንድ ዓመት ያህል ብልጫ አለው። በአሥር ዓመት ዕድሜ አንድ ዓመት ትልቅ ነገር ነው። ትልቁ ልጅ ጎበዝ ይመስላል፤ ይመረጣል፤ ተመርጦ የተሻለ አሠልጣኝና ብዙ ልምምድ ያገኛል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእውነት ጎበዝ ይሆናል። በኋላ በእግር ኳስም በብዙ አገሮች ተመሳሳዩ ታይቷል። ማንያታ «የእኛ ልጆች ጉልበት እንጂ ጥበብ የላቸውም» ሲል፣ ጥበብ የነበራቸው ልጆች በየትኛው ወር ተወልደው እንደ ቀሩ መቁጠር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የከበደው ነገር ይመጣል፤ እሱም የዕድሜ ጉዳይ ነው። ትልቅ ልጅ ጥቅም ካለው፣ ትልቅን ልጅ ትንሽ ነው ብሎ ማቅረብ የበለጠ ጥቅም ያለው መስሎ ይታያል። የዚህ ፈተና አፍሪካ ብቻ አይደለችም። በ1980 ዓ.ም. ሜክሲኮ ለወጣቶች ማጣሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ ተጫዋቾችን አሰልፋ በመገኘቷ ፊፋ ከማናቸውም ዓለም አቀፍ ውድድር ለሁለት ዓመት አገዳት፤ ከዚህም የተነሣ የ1982 ዓ.ም. የኢጣሊያ ዓለም ዋንጫ አመለጣት። ጥፋቱ የወጣቶች ቡድን፣ ቅጣቱ የአገር ሁሉ ሆነ። ከ2002 ዓ.ም. የናይጄሪያ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ደግሞ ፊፋ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ ኤም አር አይ በተባለው መሣሪያ ማስመርመር ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በማደግ ላይ ባለ ልጅ በክንዱ አጥንት ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ ዕድገት ሲፈጸም ያ ክፍል ከአጥንቱ ጋር ተጋጥሞ ይጠፋል። ከ17 ዓመት በታች በሆነ ወንድ ልጅ ላይ ሙሉ በሙሉ ተጋጥሞ መገኘቱ እጅግ ብርቅ ነው። ከ20 ዓመት በታች ለሆነው ቡድን ግን ይህ መሣሪያ አይረዳም፤ በዚያ ዕድሜ የብዙዎቹ አጥንት ተጋጥሞ ያበቃልና። እዚያ የሚቀረው ማስረጃ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ከየት ይመጣል? የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ቦታ ብዙ ጊዜ መነሻው የትምህርት ቤት መዝገብ ነው።

በሞያሌ ነገሩ በእጥፍ ይወሳሰባል። ልጁ በአንዱ ክፍል ተወልዶ በሌላው ሊማር ይችላል። በኬንያ ጠረፍ ያሉ ወጣቶች መታወቂያ ሲያመለክቱ ለብዙ ዓመታት ከሌላው አገር ሰው በተለየ በአጣሪ ኮሚቴ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ ይህ አሠራር እንዲቀር የታወጀው በ2017 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ ልጅ የልደት ቀን በአንድ ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በሌላው በፈረንጆች ተጽፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያስታርቅ የሚጠቀምበት ዘዴ ስምንት መደመር ነው። ይህ ዘዴ ግማሽ እውነት ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይሆናል።

ከላይ በጠቀስነው የግብፅ ውድድር መሰለፍ የሚችለው በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ነበር፤ ይህም ታኅሣሥ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። አንድ ልጅ በኅዳር 1997 ዓ.ም. ተወልዷል እንበል። ትክክለኛው ልደቱ በፈረንጆች 2004 በመሆኑ ዕድሜው አልፏል። መምህሩ በየዋህነት ስምንት ከደመረለት ግን 2005 ይሆንና ያልፋል፤ ልጁም መምህሩም ሳያስቡት አጭበርባሪ ይሆናሉ። በተቃራኒው በጥር 1997 ዓ.ም. ለተወለደው ልጅ ሰባት ብቻ ከደመሩለት 2004 ይሆንና መብቱን ያጣል። የመጀመሪያው ልጅ አንድ ቀን ሲደረስበት ይታገዳል፤ ሁለተኛው ግን መበደሉን እንኳ ማንም አያውቅለትም። ማንያታ ስለ አሠልጣኙ ሲከራከር ይህ ሁለተኛው ልጅ ምናልባት እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ይሆናል።

በ2019 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ኬንያ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር እንድታስተናግድ ተመርጣለች፤ ስለ ወጣት ቡድኖች የሚነሣው ወሬም በድንበሩ ግራና ቀኝ እየበረታ መሄዱ አይቀርም። መልማዮች ወደ ጠረፍ ከመጡ የሚጠይቁት ኳስ የሚችል ልጅ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ያለው ልጅ ነው። ስለዚህ ለዕጩ መምህራኖቻችን የምንነግራቸው ነገር አለ። ተማሪ ሲመዘገብ የልደት ዓመቱ ብቻ ሳይሆን ቀኑና ወሩ ይጻፍ፤ ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ እናት የምታስታውሰው በዓል ወይም የዝናብ ወቅት ይጻፍ፤ ከቁጥሩ አጠገብ «ኢ.» ወይም «ፈ.» ተብሎ አቆጣጠሩ ይመልከት፤ ወደ ሌላው አቆጣጠር የሚለወጠውም ከቀን መቁጠሪያ ጋር እየተያየ እንጂ በቃል አይሁን። በተለይ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና በዋለችበት ዓመት ማግስት የፈረንጆች ጃንዋሪ 1 የሚውለው ታኅሣሥ 23 ሳይሆን ታኅሣሥ 22 ነው። 1996 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ 2000 ዓ.ም.፣ 2004 ዓ.ም. እና 2008 ዓ.ም.ም እንዲሁ። በእነዚህ ዓመታት የተወለዱ ልጆች በመዝገቡ ዳር ምልክት ቢደረግባቸው ይበጃል።